ቦሊቪያን ለማየት የምትነሣ እናት ምን አውቃ፣ ምን ይዛ ትሂድ?

የሩቅ አገር መንገድ ቀድሞ ለዲፕሎማትና ለትልቅ ነጋዴ ብቻ የተተወ ይመስል ነበር። ዛሬ ግን ለስብሰባ፣ ለትምህርት፣ ለንግድ ትርኢት ወይም ለዕረፍት ውቅያኖስ የምትሻገረው ሴት ጥቂት አይደለችም። ደቡብ አሜሪካም ቢሆን የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ መብረር ከጀመረ ወዲህ ከአዲስ አበባ ሰው ብዙም የራቀ አይደለም። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን ከደቡብ አሜሪካ አገሮች አንዷን ቦሊቪያን መርጠን፣ ለብቻዋም ሆነ ልጅ ይዛ ወደዚያ የምትጓዝ እናት ማወቅ የሚገባትን እናካፍላለን።

ቦሊቪያን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። የቆዳ ስፋቷ 1.1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከኢትዮጵያ ጋር እኩያ ልትባል ትችላለች። የሕዝቧ ቁጥር ግን እ.ኤ.አ. በ2024 በተደረገው ቆጠራ 11.3 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነበር። እንደ እኛው የባሕር በር የላትም። ከሕዝቧ ብዙው በደጋ ይኖራል፤ እናቶቿ ልጅ በጀርባቸው ያዝላሉ፤ ገበያዋን የያዙት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ሄዳ የምታይ ኢትዮጵያዊት እናት እንግድነት የሚሰማትን ያህል የሚያውቋትም የሚመስላት ብዙ ነገር ታገኛለች።

መቼ መሄድ ይሻላል?

ቦሊቪያ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ስለሆነች ወቅቶቿ ከእኛ ጋር የተገላቢጦሽ ናቸው። በደጋው ክፍል ዝናብ የሚበዛው ከኅዳር እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ነው። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ደግሞ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መንገዱም የደረቀ ነው። ይህ ለእኛ እናቶች ትልቅ ምቾት አለው። በአገራችን ዝናቡ የሚጠነክርበትና ትምህርት ቤት የሚዘጋበት የሐምሌና የነሐሴ ወር ለቦሊቪያ ጉዞ ከሁሉ የተመቸው ጊዜ ስለሆነ፣ ልጆችን ከትምህርታቸው ሳያስተጓጉሉ ይዞ መሄድ ይቻላል።

ደረቅ ወቅት ማለት ግን ሙቀት ማለት አይደለም። ቀን ፀሐዩ ፊት ይለበልባል፤ ማታ ደግሞ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በደቡብ ምዕራብ ባለው የኡዩኒ አምባ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ወፍራም ካፖርት ከመያዝ ይልቅ ቀን አንድ በአንድ የሚወልቅ፣ ማታ አንድ በአንድ የሚደረብ ልብስ መያዝ ይበጃል። ለሕፃን የሱፍ ኮፍያና ጓንት፣ ለሁሉም ደግሞ ሰፊ ባርኔጣና የፀሐይ መከላከያ ቅባት አይረሳ።

የቦሊቪያ ሰዓት ከእኛ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን ላ ፓዝ ላይ ገና ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ቤት ለቀሩት ልጆች ስልክ የምትደውል እናት ይህን ካላሰበች ከእንቅልፋቸው ትቀሰቅሳቸዋለች።

ከመነሣት በፊት የሚሟሉ ወረቀቶች

ከአዲስ አበባ ወደ ቦሊቪያ በቀጥታ የሚሄድ አውሮፕላን የለም። የሚቀናው መንገድ እስከ ሳኦ ፓውሎ በርሮ፣ ከዚያ የቦሊቪያ ትልቁ የቆላ ከተማ ወደሆነችው ሳንታ ክሩዝ መሻገር ነው። ስለዚህ የመግቢያ ፈቃድ ጉዳይ ሁለት ነው ማለት ነው። አንደኛ ከቦሊቪያ ቆንስላ፣ ሁለተኛ አውሮፕላን ከሚቀየርበት አገር የመተላለፊያ ቪዛ ያስፈልግ እንደሆነ ቲኬት ከመቆረጡ በፊት ተጠይቆ መረጋገጥ አለበት። ፓስፖርቱም ቢያንስ 6 ወር የሚቀረው ይሁን።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ከፓስፖርቱ ቀጥሎ የሚመጣ ሰነድ ነው። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ሥጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለምትገኝ፣ ከዚህ የሚነሣ መንገደኛ ካርዱን እንዲያሳይ ይጠየቃል። በቦሊቪያ ቆላም በሽታው ስላለ ክትባቱ ለራስም ያስፈልጋል። ክትባቱ የሚሠራው ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ በመሆኑ ለመነሻው ዋዜማ መተው አይገባም። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ካርዱ የዕድሜ ልክ ሆኗል፤ ቀድሞ የተከተበች በየ10 ዓመቱ ማደስ አያስፈልጋትም። ክትባቱ ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም፤ በመደበኛ የሚሰጠው ከ9 ወር ጀምሮ ነው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ሐኪም ሳያማክሩ መከተብ አይገባቸውም።

ልጅ ይዛ ለብቻዋ የምትጓዝ እናት የልደት የምስክር ወረቀቱንና አባትየው የተስማማበትን፣ በውልና ማስረጃ የተረጋገጠ ፈቃድ ከነትርጉሙ ትያዝ። በብዙ አገር ድንበር ላይ የሕፃናት ዝውውርን ለመከላከል ሲባል ጥብቅ ጥያቄ ይቀርባል። እናትነት በቃል ብቻ አይረጋገጥም።

ከሁሉ በላይ ከፍታው

የቦሊቪያ ሕገ መንግሥታዊ ዋና ከተማ ሱክሬ ናት፤ የመንግሥቱ መቀመጫ ግን ላ ፓዝ ነው። ላ ፓዝ ከባሕር ወለል በላይ 3,640 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከአዲስ አበባ በላይ ያለው የእንጦጦ አናት 3,200 ሜትር ገደማ መሆኑን ስናስታውስ፣ ከተማዋ ከእንጦጦም ከፍ ትላለች ማለት ነው። ከእርሷ በላይ ባለው አምባ ላይ የተቆረቆረችው ኤል አልቶ 4,150 ሜትር ትደርሳለች፤ አውሮፕላን የሚያርፈውም እዚያው፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው።

በዚህ ከፍታ የሚተነፈሰው አየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅን በባሕር ጠረፍ ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። አዲስ በደረሰ ሰው ላይ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ እንቅልፍ መንሣትና ድካም ይታያል። «እኛ የደጋ ሰዎች ነን፤ ከፍታ ምን ያደርገናል?» የምትል አንባቢ ትኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ የአዲስ አበባ ነዋሪ ከጠረፍ ከተማ ከሚመጣው ሰው ይሻላታል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናትም በሰሜን ተራሮች ከ3,500 ሜትር በላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለከፍታ የተላመዱበት መንገድ ከቦሊቪያና ከፔሩ ደገኞች የተለየ መሆኑን አሳይቷል። የእነዚያ ደም በሄሞግሎቢን የወፈረ ሲሆን፣ የሰሜን ተራሮች ሰዎች ግን በጠረፍ እንደሚኖር ሰው ያለ የደም መጠን ይዘው ይኖራሉ። ነገር ግን ይህ ትውልድ በትውልድ እዚያው ለኖሩት እንጂ፣ በ2,400 ሜትር ኖራ በአንድ ቀን ከ1,200 ሜትር በላይ ለምትወጣ የከተማ ሴት ዋስትና አይሆንም። የድሬዳዋ ወይም የአዋሳ ነዋሪ ደግሞ ይበልጥ መጠንቀቅ አለባት።

ብልሃቱ ቀስ ብሎ መውጣት ነው። ከሳንታ ክሩዝ በቀጥታ ወደ ላ ፓዝ ከመብረር ይልቅ በመጀመሪያ ኮቻባምባ ላይ ሁለት ሦስት ቀን መቆየት ይመከራል። ኮቻባምባ 2,560 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ለአዲስ አበባ ሰው የቤቱን አየር ያህል ናት። 2,800 ሜትር ላይ ያለችው ነጭ ቀለም የተቀቡ ቤቶች ከተማ ሱክሬም ለዚሁ ትመቻለች። ሐኪሞች የሚመክሩት ከ3,000 ሜትር በላይ የሚያድሩበትን ቦታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምሩ ነው። ላ ፓዝ በገቡበት ቀን ሻንጣ አለመሸከም፣ ዳገት አለመሮጥ፣ ውሃ ደጋግሞ መጠጣት፣ እራትን ቀለል ማድረግ፣ አልኮልን መተው ያስፈልጋል። አሴታዞላማይድ የሚባለው መከላከያ መድኃኒት የሚወሰደው በሐኪም ትዕዛዝ ብቻ ነው።

ሕፃን ልጅ ራሱን እንዳመመው መናገር አይችልም። ያለ ምክንያት የሚነጫነጭ፣ ጡት ወይም ምግብ እምቢ የሚል፣ የሚያስመልሰውና እንቅልፍ ያጣ ሕፃን ካለ፣ ሌላ ምክንያት እስኪገኝ ድረስ ከፍታው ነው ብሎ መገመት ይገባል። ያመመው ሰው ወደ ላይ ጉዞውን አይቀጥል። ቁጭ ብሎ ሳለ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ እየተንገዳገደ የሚሄድ ወይም የሚዘባርቅ ሰው ከሆነ ነገ የሚባል የለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድና ሐኪም ማግኘት አለበት። ነፍሰ ጡር፣ የልብ፣ የሳንባ ወይም የደም ማነስ ችግር ያለባት እናት ከመነሣቷ በፊት ሐኪሟን ታማክር።

ስለ ውሃና ስለ ምግብ

የቧንቧ ውሃ ሳይፈላ አይጠጣ። ውሃ ሲያፈሉ ግን አንድ ነገር ይታወስ። በላ ፓዝ ውሃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ መቆየት አለበት። ባቄላና ምስርም በዚህ ምክንያት ቶሎ አይበስልም። የአዲስ አበባ ሴት አተር ስታበስል የምታውቀው ችግር እዚያ እጥፍ ይሆናል፤ የላ ፓዝ እመቤቶች ያለ ግፊት ድስት ወጥ ቤት የማይገቡት ለዚህ ነው።

ድንች የዚህ ደጋ የራሱ ተክል ነው። በገበያ ላይ ቀይ፣ ሐምራዊ፣ ጥቁርና ቢጫ ድንች በየዓይነቱ ተደርድሮ ይታያል። ገበሬዎቹ ድንቹን በውርጭ ሌሊት ሜዳ ላይ አስጥተው ያቀዘቅዙታል፤ ቀን ፀሐይ ሲያሟሟው በእግራቸው ረግጠው ውሃውን ያወጡታል። ይህ ለቀናት ከተደጋገመ በኋላ የሚገኘው ደረቅ ድንች ቹኞ ይባላል፤ ለዓመታትም ሳይበላሽ ይቀመጣል። ከእህል ደግሞ ኪኑዋ አለ። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. 2013ን የኪኑዋ ዓመት ብሎ ሰይሞት ነበር። እንደ ጤፋችን ፍሬው ደቃቅ ነው፤ የስንዴ ፕሮቲን የማይስማማውም ሰው ይበላዋል። በሾርባ መልክ ለሕፃን ይስማማል።

ከረፋዱ በፊት የሚበላው ሳልቴኛ የሚባለው፣ በሥጋና በመረቅ የተሞላ የተጋገረ ቂጣ ነው። ጠዋት በብርድ ደግሞ ከሐምራዊ በቆሎ የሚዘጋጅ፣ ቀረፋ የገባበት አፒ የሚባል ትኩስ መጠጥ በየጎዳናው ይሸጣል። ለልጆች ይህን የሚያህል የለም። በጾም ወቅት የምትጓዝ እንግዳ ሥጋ እንደማትበላ ቀድማ ካላስታወቀች የሚቀርብላት ሾርባ ሁሉ ሥጋ የነካው መሆኑን ትወቅ።

በከተማና በገበያ

ላ ፓዝ ገደል ውስጥ እንደተደፋች ከተማ ናት። መንገዱ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ልጅ ላዘለች እናት ከሁሉ የሚመቸው እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ የጀመረው በሽቦ ላይ የሚሄደው የሕዝብ ማመላለሻ ነው። ቴሌፌሪኮ ይሉታል። 10 መስመሮች ሲኖሩት ጠቅላላ ርዝመቱ ከ30 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የኤል አልቶ ሠራተኛ በሚኒባስ ከአንድ ሰዓት በላይ ትፈጅበት የነበረውን መንገድ በደቂቃዎች ታቋርጥበታለች። ለጎብኚውም ከተማዋን ከነበረዶ ተራራዋ ከላይ የሚያይበት መስኮት ነው። ታክሲ ሲያስፈልግ ከጎዳና ከመያዝ በስልክ የሚጠራውን ራዲዮ ታክሲ መምረጥ ይሻላል። ፖሊስ ነኝ ብሎ ቦርሳ ልፈትሽ የሚል የሲቪል ለባሽ አጭበርባሪም አለና፣ ጣቢያ እንሂድ ማለት ነው እንጂ ፓስፖርትና ገንዘብ በጎዳና ላይ አይሰጥም።

ገንዘባቸው ቦሊቪያኖ ይባላል። ገበያ ውስጥ ትልቅ ኖት የሚዘረዝር አይገኝምና ዝርዝር መያዝ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2023 የዶላር እጥረት ተከስቶ የባንኩና የገበያው ምንዛሪ ተለያይቶ ነበር፤ ስለዚህ ከመነሣት በፊት የወቅቱን ዋጋ መጠየቅ ብልህነት ነው። ሌላው የአገሩ ጠባይ የመንገድ መዝጋት ሰላማዊ ሰልፍ ነው። አውቶቡስ ለቀናት ሊቆም ስለሚችል፣ ለመመለሻው በረራ ሁለት የመጠባበቂያ ቀን ይተውለት።

የገበያው ቋንቋ ግን የእኛን ሴት ፈገግ ያሰኛታል። ሻጭና ገዢ እርስ በርሳቸው «ካሴራ» ይባባላሉ። ልክ እኛ ሻጭንም ገዢንም «ደንበኛ» እንደምንለው ማለት ነው። ድንቹ ከተመዘነ በኋላ ገዢዋ «ያፓ» ብላ ትጠይቃለች፤ ሻጯም ሁለት ሦስት ፍሬ ጣል ታደርግላታለች። ይህ የእኛው «መርቂልኝ» ነው። እነዚህን ሁለት ቃላት የያዘች እንግዳ ስፓኒሽ ባትችልም ከገበያ ባዶ እጇን አትመለስም። ከስፓኒሽ ሌላ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ሕገ መንግሥት 36 የነባር ሕዝቦች ቋንቋዎችን የመንግሥት ቋንቋ ብሎ ተቀብሏል። በደጋው የሚበዙት አይማራና ኬችዋ ናቸው።

ልጅ የሚታዘልበት ባለ ቀለም ጨርቅ አጓዮ ይባላል። የእኛን አንቀልባ ሥራ ይሠራል፤ ሲያስፈልግም የገበያ ዕቃ ይታሰርበታል። በእጅ የተሸመነውን ከፋብሪካው ለመለየት ጀርባውን ገልብጦ ማየትና ጠርዙን መመርመር ይረዳል። በእጅ የተሠራው ጠርዙ ያልተቆረጠ ነው። ዋጋ መከራከር ነውር የለውም፤ ነገር ግን አንዲት ሴት ሳምንታት የደከመችበትን ሥራ በጥቂት ሳንቲም ለመውሰድ መጨቃጨቅ ለሴት ልጅ አይገባም። ሰውንም፣ ይልቁንም እናቶችን፣ ሳያስፈቅዱ ፎቶግራፍ ማንሣት እንደ ስድብ ይቆጠራል።

ስለ ሴቶቹ ጥቂት

ሰፊ ባለ ብዙ እጥፋት ቀሚስ፣ ሻርፕና ትንሽ ክብ ባርኔጣ ያደረጉትን ሴቶች የማያስተውል ጎብኚ የለም። ቀሚሱ ፖዬራ ይባላል። መነሻው የስፔን ቅኝ ግዛት ዘመን አለባበስ ነው። ይህን የለበሰች ሴት ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት ወደ አንዳንድ አደባባይ፣ ሆቴልና ምግብ ቤት እንዳትገባ ትከለከል ነበር። ዛሬ ያንኑ ቀሚስ ለብሰው ምክር ቤት የሚገቡ፣ ዜና የሚያነቡ አሉ። ለተራራ ወጪዎች ምግብ በማብሰልና ጓዝ በመሸከም ይሠሩ ከነበሩት የአይማራ ሴቶች መካከል ጥቂቶቹም እ.ኤ.አ. በ2019 በፖዬራቸው የአሜሪካ አህጉሮች ከፍተኛ ተራራ የሆነውን አኮንካጓን ወጥተዋል።

ዶሚቲላ ባሪዮስ ደ ቹንጋራ የምትባለው የማዕድን ሠራተኛ ሚስት ሳልቴኛ እየጋገረች፣ ከልጆቿ ጋር እየሸጠች የባሏን ደመወዝ ትደጉም ነበር። በሲግሎ ቬይንቴ የቆርቆሮ ማዕድን የቤት እመቤቶች ኮሚቴ መሪ ሆና፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ የሴቶች ዓመት ሲከበር ስለ ማዕድን ሠራተኞች ኑሮ ተናግራለች። እ.ኤ.አ. በ1977 መጨረሻ አራት የማዕድን ሠራተኞች ሚስቶች ከልጆቻቸው ጋር ላ ፓዝ ላይ የረኃብ አድማ ሲጀምሩ እርሷም ተቀላቀለች። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከሺህ በላይ ሰው ተከተላቸው፤ የጄኔራል ባንዘር መንግሥትም በ1978 መጀመሪያ ምሕረት ለማወጅ ተገደደ። ዶሚቲላ ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው።

በ13 ዓመቷ በሰው ቤት ሠራተኛነት የገባችው ካሲሚራ ሮድሪጌዝም እንዲሁ የቤት ሠራተኞችን አደራጅታ ብዙ ዓመት ታገለች። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ሕግ ተመላላሽ ሠራተኛ በቀን 8 ሰዓት፣ አዳሪዋ 10 ሰዓት እንድትሠራ፣ የሳምንት ዕረፍትም እንዲኖራት ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ2006 ካሲሚራ የፍትሕ ሚኒስትር ሆነች። ይህን የምታነብ እናት በቤቷ ሠራተኛ ካለቻት፣ የዚያች ልጅ ቀን ስንት ሰዓት እንደሆነ አንድ ጊዜ ቆጥራ ብታይ መልካም ነው።

ሊታይ የሚገባው

ጊዜ ላላት ጎብኚ በ3,812 ሜትር ላይ የተኛው የቲቲካካ ሐይቅ፣ በስተዳርቻው ያለችው የኮፓካባና ከተማና የፀሐይ ደሴት አይቀሩም። ከ10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍነው የኡዩኒ የጨው ሜዳ የእኛን ዳሎል ያስታውሳል። ልዩነቱ ዳሎል ከባሕር ወለል በታች፣ ኡዩኒ ከ3,600 ሜትር በላይ መሆኑ ነው። ነጸብራቁ ዓይን ስለሚጎዳ ለልጆች ጥቁር መነጽር ያስፈልጋል። በጥር 16 ገደማ የሚጓዝ ሰው ላ ፓዝ ላይ የአላሲታስን ገበያ ያገኛል። በዚህ ገበያ ሰዉ በዓመቱ የሚመኘውን ቤት፣ መኪና፣ ዲፕሎማ ሁሉ በጣት የሚያዝ አሻንጉሊት አድርጎ ይገዛል።

የሰው ዕቃ አደራ አይቀበሉ

በመጨረሻ ከሁሉ የሚከብደውን እንናገር። የኮካ ቅጠል በቦሊቪያ ሕጋዊ ነው። ሴቶች በገበያ ይሸጡታል፤ በየሆቴሉ ለከፍታ ሕመም እንደ ሻይ ተፈልቶ ይቀርባል። በብዙ ሌሎች አገሮች ግን በሕግ የተከለከለ ዕፅ ነው። አንድ ከረጢት የኮካ ሻይ እንኳ በማስታወሻነት ሻንጣ ውስጥ ቢገኝ፣ በመተላለፊያው አውሮፕላን ጣቢያ ያስይዛል። ሻዩ ራሱ ለቀናት በሽንት ምርመራ ሊታይ ይችላል፤ ለነፍሰ ጡርና ለልጅም አይሰጥ።

ከዚህ የሚብሰው ኮኬይን ነው። ዕፅ አስተላላፊዎች ሴቶችን፣ በተለይም ችግር ያለባቸውን እናቶች፣ ዕቃ አመላላሽ ያደርጋሉ። ቲኬት የሚገዛ ወዳጅ፣ ነጻ የንግድ ጉዞ የሚያዘጋጅ ትውውቅ፣ «ለእኅቴ ይህን ጫማ አድርሽልኝ» የሚል ጨዋ ሰው ሆነው ይመጣሉ። በእኛ አገር አደራ መቀበል ደግነት ነው፤ እምቢ ማለትም ያሳፍራል። ፖሊስ ግን የሚጠይቀው ሻንጣው የማን እንደሆነ ብቻ ነው። በባዕድ አገር እስር ቤት ዓመታት የምታሳልፍ እናት ልጆች እዚህ ማን ያሳድጋቸዋል? ስለዚህ ሻንጣዎን በእጅዎ ያሽጉ፤ ከዓይንዎ አይለዩት፤ ከማንም፣ የአገር ልጅ ቢሆን እንኳ፣ የታሸገ ዕቃ አይቀበሉ። ይሉኝታን አገር ቤት ትተው ይሂዱ።

እንግዲህ ቦሊቪያን ለማየት የምትነሣ እናት የክትባት ካርዷን በጊዜ አውጥታ፣ የልጇን ወረቀት አሟልታ፣ ከፍታውን ቀስ ብላ ወጥታ፣ ሻንጣዋንም ራሷ ጠብቃ ከሄደች የቀረው ሁሉ ቀላል ነው። መንገድ የተቃና ይሁን።